እናቴ የሰጠችኝ ግጥም

ሐይቅ ከተማ ውስጥ የእኔን ካሴት ሰምቻለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። የሚሉ ሞልተዋል። አንዱ ደሴ መናኸሪያ ሲሸጥ አይቼዋለሁ ይላል፤ ሌላው ውጫሌ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ስሰማው እንባዬ መጣ ይላል። አንዲት ጎረቤቴማ ሰርጓ ላይ እንደተከፈተ ወላሂ እያለች ስትምል በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ድሮ ድሮ እሟገት ነበር፣ አሁን ሰልችቶኛል። ካሴቱ አልወጣም። ሱቅ አልገባም፣ ሰርግ ቤት አልተከፈተም፣ ሽፋኑ ላይ ሊለጠፍ የተነሳሁት ፎቶ እንኳ እዚያው ፎቶ ቤት ቀርቷል። ስምንት ዘፈን ነበረው። የስምንቱም ግጥምና ዜማ የኔ ነው፤ ሁለት ስንኝ ሲቀር። ዕድሜዬን የበሉት እነዚያ ሁለት ስንኞች ናቸው።

በዚያ ዘመን የቀበሌ ሱቅ ውስጥ ስኳር መዛኝ ነበርኩ። ከድርቁ በኋላ ባሉት ዓመታት ማለቴ ነው፤ ስኳር በቤተሰብ ቁጥር የሚታደልበት፣ ሰው ከንጋት ጀምሮ የሚሰለፍበት ጊዜ። ወረፋው ሲያልቅ በመጠቅለያው ወረቀት ጀርባ ላይ ግጥም እጽፋለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የወረዳው ኪነት ቡድን ዘፋኝ ነኝ። ኪነት ማለት ካኪ ለብሶ፣ ተሰልፎ፣ የታዘዘውን መዝፈን ነው። ባለሥልጣን ሲመጣ እንዘፍናለን፣ ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃ ሲወጣ እንዘፍናለን፣ ውሃው ሳይወጣም እንዘፍናለን። ስለ ትራክተር አንድ ዓመት ሙሉ ዘፍኛለሁ፤ ትራክተር በዓይኔ ያየሁት ግን ከዚያ ወዲህ ነው። የራሴን ዘፈን የምዘፍነው ሰርግ ቤትና ጓደኞቼ ዘንድ ብቻ ነበር። አምባሰል ዜማ ውስጥ ስገባ ወሬ ይቆም ነበር። ድምፄ ጥሩ እንደነበር ለመናገር የማፍርበት ዕድሜ ላይ አይደለሁም።

እናቴ የአምባሰል ሰው ናት፤ ሐይቅ የመጣችው በትዳር ነው። አባቴ በርበሬ ነጋዴ ነበር፣ እኔ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ሞተ፤ ከዚያ በኋላ ገበያውን እሷ ያዘችው። ፊደል አልቆጠረችም። ግጥም ላይ ግን የሚደፍራት አልነበረም። እስላሙም ክርስቲያኑም ልጁን ሲድር ይጠራታል፤ የምትፈለገው ለወጥ ሥራ ሳይሆን ለአፏ ነው። ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ጣል ታደርጋለች፣ ሰዓቷ ሲደርስ ብቻ ዘፋኙን "ተቀበለኝ" ትለዋለች። ዘፋኞቹ ይወዷትም ይፈሯትም ነበር።

አገራችንን ለማያውቅ ሰው ይቺን ነገር ማስረዳት አለብኝ፣ አለዚያ የኔ ጥፋት አይገባውም። እኛ ዘንድ ዘፋኝ በሚዘፍንበት ሰዓት አፉ የራሱ ብቻ አይደለም። ሆድ የባሰው፣ የወደደ፣ የተቀየመ፣ ልጁን የዳረ፣ ማንም ተነስቶ "ተቀበለኝ" ካለ ዘፋኙ የጀመረውን ትቶ የሰውየውን ግጥም ቃሉን ሳይለውጥ በዜማው ያወጣዋል። ስድብ ቢሆንም ይቀበላል። በገዛ ራሱ ላይ የተገጠመ ቢሆንም ይቀበላል። አልቀበልም ማለት የቀረበለትን ገበታ በእግር እንደመግፋት ነው፤ በዚህ ነገር ተቀያይመው ዓመት ሳይነጋገሩ የቆዩ ሰዎች አውቃለሁ። እኔን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ገና ልጅ ሳለሁ የአንድ ክርስቲያን ጎረቤታችን ሰርግ ላይ አንድ ሰካራም ግጥም ሲሰጠኝ አልሰማሁም ብዬ ዝም አልኩ። ቤት ስንገባ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

"ግጥም የሰጠሽን ሰው አትመልሽም፤ ሌላ ሰሚ አጥቶ ነው ወዳንቺ የመጣ" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው መልሼ አላውቅም። ጆሮዬ "ተቀበይኝ" የምትለዋን ቃል ከሰማ አፌ እኔን ሳያማክር ይከፈታል።

አንድ ወንድም ነበረኝ፣ ታናሼ። ሐይቁ ላይ አሳ ያጠምዳል። ለብሔራዊ ውትድርና ሲያፍሱ እዚያው ውሃው ዳር ያዙት፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ እንደራሰ። የቀበሌው ኮታ አልሞላም ነበር አሉ። በሁለተኛው ቀን መሸኛ ተዘጋጀ፤ ለመሸኛ ደግሞ ኪነት ይጠራል፤ ኪነቱ ውስጥ ደግሞ እኔ አለሁ። እሱ የጭነት መኪና ላይ ቆሞ እያየኝ፣ እኔ መሬት ላይ ቆሜ "ሂድ ጀግናው" እያልኩ ዘፈንኩለት። ምን ላድርግ? ካኪዬን ለብሼ ተሰልፌአለሁ፤ ከሰልፉ የወጣች ልጅ ምን እንደሚደርስባት አይቻለሁ። መኪናው ሲነቃነቅ "አሳው ዛፉ ጥላ ሥር ነው፣ እንዳይበላሽ ለእማ ንገሪያት!" ብሎ ጮኸ። እናቴ ከሕዝቡ መሃል ቆማ ነበር። እኔን አላየችኝም፤ ወይም ማየት አልፈለገችም።

ከማሠልጠኛ አንድ ደብዳቤ መጣ። ሁለተኛ አልመጣም። ዓመት አለፈና ሌላ ዓመት ተጀመረ። እናቴ ከሰሜን የመጣ ወታደር ባየች ቁጥር ቅርጫቷን ጥላ ትከተለዋለች፤ ስሙን፣ መልኩን፣ ግንባሩ ላይ ያለችውን ጠባሳ ትነግረዋለች። ወታደሮቹ ይሰሟታል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ይሄዳሉ። ሰርግ መሄድ ተወች። ግጥሟም ያን ጊዜ የጠፋ መስሎኝ ነበር።

ደሴ ሙዚቃ ቤት ያለው ሰውዬ የሰማኝ በኪነት ቡድኖች ውድድር ላይ ነው። ከመድረክ ስወርድ ጠብቆ "ትራክተሩ ይቆየንና፣ የራስሽ የምትይው ዘፈን አለሽ ወይ?" አለኝ። አለኝ አልኩት። ሱቁ ውስጥ ቁጭ አድርጎ ስምንቱንም አዘፈነኝ፣ ደንበኛ ሲገባ እጁን እያወዛወዘ ያስወጣል። ስጨርስ "ካሴት እናወጣለን" አለ፤ ልክ ነገ ገበያ እንወጣለን እንደሚባለው። ወደ ሐይቅ የተመለስኩት አውቶቡስ ውስጥ እየሳቅሁ ነው። አጠገቤ የተቀመጠች የግሸን ተሳላሚ ሴትዮ ያመመኝ መስሏት ጠበል ሰጠችኝ፤ ተቀብዬ ጠጣሁ። ከስኳሩና ከትራክተሩ የምወጣበት ቀን መጣ አልኩ። የማላውቀው ሰው በማላውቀው ከተማ ራሴ የጻፍኩትን ቃል በራሴ ድምፅ ይሰማል። ያን ያህል የፈለግሁት ነገር ከዚያ በፊት አልነበረኝም፣ ከዚያ በኋላም አልኖረኝም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ግጥሙ በታይፕ ተመትቶ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ይገባል፤ እያንዳንዱ ገጽ ተነቦ ማኅተም ይደረግበታል። ከዚያ ይቀረጻል። የተቀረጸበት የቴፕ ክር ተመልሶ እዚያው ቢሮ ይሄዳል፣ ወረቀቱን ይዘው ቃል በቃል ያዳምጡታል። የተዘፈነው ማኅተም ካለበት ወረቀት ጋር አንድ ከሆነ ካሴቱ ይባዛል። የኔ ወረቀቶች አራት ወር ቆይተው ተመለሱ። የሰረዙት አንዲት ቃል ብቻ ነበር፣ "ስደት" የምትለዋን። በቦታዋ "መንገድ" አስገባሁ። አንዲት ቃል ብቻ በመሰረዛቸው ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ያንን ደስታ ሳስብ ዛሬም ራሴን እታዘበዋለሁ።

ቀረጻው ቅዳሜ ከሰዓት ሆነ። ቀኑን የመረጠው ባለሙዚቃ ቤቱ ነው፤ የከተማው ሕዝብ ስብሰባ የሚጠራበት ሰዓት ስለሆነ መንገዱ ጭር ይላል። አብዮቱ ለሙዚቃ የዋለው ውለታ ቢኖር ይኸው ነው። ስቱዲዮ የምንለው የሱቁ የኋላ ክፍል ነበር። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስና የጥጥ ፍራሽ ተቸንክሯል፣ መስኮቱ በጆንያ ተደፍኗል። ሁለት ማይክራፎን፣ አንድ ትልቅ ባለ ክር መቅጃ፣ አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ክራር፣ አንድ ከበሮ። ሁሉም ባንዴ ይጫወታል፣ ሁሉም ባንዴ ይቀዳል፤ የተሳሳተ ካለ ዘፈኑ ከመጀመሪያው ይደገማል።

እናቴ አብራኝ መጣች። ያላገባች ልጅ ከወንዶች ጋር በር ተዘግቶ የሚዋልበት ቤት ብቻዋን አትሄድም። ሌላም ጉዳይ ነበራት። ጧት የወታደር ወሬ የሚጠየቅበት ቢሮ ሄድን። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ጎልማሳ መዝገቡን እንኳ ሳይገልጥ "አናውቅም እናቴ" አላት።

"የወሰዳችሁት እናንተ አይደላችሁም ወይ የኔ ጌታ?"

"እኛ ልከናል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አናውቅም።"

"ማን ያውቃል ታዲያ?"

"አናውቅም።"

እናቴ አመስግናው ወጣች። ልጇን የበላባትን ሰው ነው ያመሰገነችው፤ እኔም እጅ ነስቼ ተከተልኳት። ከዚያ ወደ ሙዚቃ ቤቱ ሄድን።

ባለሙዚቃ ቤቱ ጥግ ላይ ሳጥን ገልብጦ አስቀመጣት። "እትዬ፣ ይቺ ቀይ መብራት ስትበራ ትንፍሽ እንዳይሉ" ብሎ አስጠነቀቃት። እሺ አለችው። እሺታዋን ጠበቀች፣ ሰባት ዘፈን ሙሉ። ሳል እንኳ ሲመጣባት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ስትጎሰጉስ አይቻታለሁ። ሁለቱን ዘፈን ሁለት ሁለት ጊዜ ደገምን፣ ሌላው ባንዴ አለፈ። ስምንተኛው አምባሰል ነበር። ለመጨረሻ ያስቀመጥነው ሆን ብለን ነው፤ ድምፄ የሚሟሟቀው ከቆየሁ በኋላ ስለሆነ።

ማሲንቆው ገባ። የማሲንቆ መቺው ዕድሜያቸው የገፋ፣ በሰርግ ቤት ያረጁ ሰው ነበሩ፤ ቤቱ ስቱዲዮ መሆኑ ቶሎ የሚረሳቸው ዓይነት። የመጀመሪያውን ግጥም ዘፈንኩ። ማሲንቆው ብቻውን የሚሄድበት ቦታ ላይ ትንፋሼን ስሰበስብ ከወደ ጥጉ ሰማሁ።

"ተቀበይኝ ልጄ።"

ወረቀቱ ፊቴ ተሰቅሏል። ማኅተሙ ይታየኛል። ቀዩ መብራት በርቷል። እናቴ ዓይኗን ጨፍና፣ በዝግታ፣ አንዱንም ቃል ሳትውጥ ሰጠችኝ፤

ሂድ ብለው የላኩት እነሱ እዚህ አሉ፣
ልጄ ወዴት ነው ስል አናውቅም ይላሉ።

ተቀበልኳት። ምኑን እንዳሰብኩ አትጠይቁኝ፤ አላሰብኩም። ማሲንቆ መቺው እንደለመዱት ቦታ ለቀቁልን፣ ከበሮው ዝቅ አለ፣ እኔ የእናቴን ሁለት ስንኝ ከላይ ይዤ ወረድኩ፣ ደግሜ ወጣሁ። እንደዚያ ዘፍኜ አላውቅም። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ፍራሹ አዙረው በጋቢያቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ባለሙዚቃ ቤቱ መቅጃውን ሳያቆም ቆሞ ቀርቷል።

"ለምን አላቆምከውም ጋሼ?" አልኩት።

"እጄ እምቢ አለኝ" አለ።

እናቴ ዓይኗን ገለጠች። አንዳችንን አየች፣ ሌላውን አየች። "ኧረ ወየው፣ አጠፋሁ እንዴ?" አለች። "የለም እማ፣ አላጠፋሽም" አልናት፤ ሁላችንም አልናት።

በወረቀቱ ልንደግመው ሞከርን። አልሆነም። ድምፄ አልቋል፣ ስብሰባውም ተበትኖ መንገዱ በሰውና በጥሩንባ ሞላ። እናቴ ሽንት ቤት ስትወጣ ባለሙዚቃ ቤቱ ቀረብ ብሎ "ስምንተኛው ላይ እስኪደርሱ ይሰለቻቸዋል፤ የመጀመሪያዎቹን ሰምተው ነው የሚፈርሙት" አለኝ። አመንኩት። ማመን ስለፈለግሁ አመንኩት። ከመሄዳችን በፊት ዘፈኑን አንድ ጊዜ መልሶ አሰማን። ሰው ሁሉ እናቴን ሲያይ እኔ መቅጃውን አይ ነበር። አንድ ነገር ቆንጠጥ አደረገኝ፤ ያን ጊዜ ስም አላወጣሁለትም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቢሮው ጠራኝ፣ እኔን ብቻ። ያናገረኝ ሰውዬ ክፉ አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር። ሻይ አስመጣልኝ። ድምፅሽ ደስ ይላል አለኝ። ሦስተኛውን ዘፈን ከሥራ ውጪ ሁለት ጊዜ እንደሰማው ነገረኝ። ከዚያ ክሩን አዙሮ ስምንተኛው ላይ አደረሰው። የእናቴ ድምፅ በዚያ ቢሮ ውስጥ "ተቀበይኝ ልጄ" አለ።

"ይህች ሴት ማን ናት?"

"የማላውቃት ሴት ናት" አልኩ።

"ልጄ ትልሻለች።"

"እኛ አገር ትልቅ ሰው ሁሉንም ልጄ ነው የሚል።"

"የማታውቂያት ሴት ካሴትሽ ውስጥ ምን ልትሠራ ገባች?"

"ከመንገድ ገብታ ነው። አእምሮዋም ትክክል አይመስለኝም" አልኩ።

ይህን የመጨረሻውን ማንም አላስገደደኝም። ከአፌ ወጣ። ሰውየው ጻፈው። ሻዬን ጠጣሁ፣ ስኳሩ በዝቶ ነበር። "ሁለት ምርጫ አለሽ" አለኝ፣ "ወይ ሴትየዋን ፈልገሽ ታመጫለሽ፣ ቃሏን ትሰጣለች፤ ወይ ክሩን ወስደሽ ዘፈኑን አጥፍተሽ በወረቀቱ መሠረት ትቀርጪና መልሰሽ ታመጫለሽ። ከዚያ እኔ እፈርማለሁ።"

እናቴን ላድናት ነው ብዬ ለራሴ ስንት ዓመት ነግሬዋለሁ። ውሸት አይደለም። ስሟን ብናገር ኖሮ የሚከተለውን ማንም ያውቀዋል። ግን ካሴቴን ለማዳንም ነው፤ ከሁለቱ የትኛው እንደበለጠ ለማንም አልምልም።

በሳምንቱ ሙዚቀኞቹ ተሰበሰቡ። ሽማግሌው ማሲንቆ መቺ አልመጡም፤ አሞኛል ብለው ላኩ፣ በምትካቸው ሌላ ሰው መጣ። ባለሙዚቃ ቤቱ ክሩን አዘጋጅቶ ጣቱን አነሳና መልሶ አወረደው።

"ሳላጠፋው በፊት በካሴት ልቅዳልሽ እንዴ? ለእናትሽ ይሆናል።"

"አይሆንም" አልኩ።

ፍተሻ እፈራለሁ አልኩት፤ እውነት ነበር፣ በየቤቱ ይገቡ ነበር። ያልነገርኩት ሌላውን ነው። ያን ዘፈን መልሰን ስንሰማው ቆንጠጥ ያደረገኝ ነገር ቅናት ነበር። በስኳር ወረቀት ላይ ስንት ወር የደከምኩባቸው ግጥሞቼ ከእሷ ሁለት ስንኝ አጠገብ ገለባ ሆኑብኝ። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ሳጥን ላይ ተቀምጣ፣ ከአንድ ጧት ምሬት ያወጣችው ነገር የኔን ዓመታት ዋጠው። ያ ካሴት እንዳለ ቢወጣ ሰው የሚያስታውሰው የማንን እንደነበር አውቃለሁ። ስለዚህ አይሆንም ስል ከፍርሃቴ ጋር ትንሽ እፎይታም ነበረኝ። ይህን የምጽፈው ሌላ የምነግረው ሰው ስላጣሁ ነው።

ቀዩ መብራት በራ። በዚያው ክር ላይ በወረቀቱ ዘፈንኩ። ስለ ሐይቁ ወፎችና ስለ አንድ ወዳጅ የገጠምኩት ግጥም ነበር፤ መጥፎ አልነበረም። ድምፄም ጥሩ ወጣ። ባንዴ አለፈ።

ክሩን አስገባን። የፈረመልን የለም። ሻይ ያስመጣልኝ ሰውዬ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረ። የተተካው ሰው ወረቀቶቹ እንደገና በታይፕ ይመቱ አለ። ሲመቱለት የሙዚቀኞቹ መታወቂያ አልተያያዘም አለ። ሲያያዝለት ስብሰባ ላይ ነው ተባልን፤ ከዚያ ስብሰባ እስካሁን የወጣ አይመስለኝም። በዚህ መሃል ጦርነቱ ወደኛ እየቀረበ መጣ፣ ባዶ ካሴት ከገበያ ጠፋ፣ ባለሙዚቃ ቤቱ ክሩን ከቢሮው መልሶ ወሰደና ሱቁን ዘግቶ አዲስ አበባ ገባ። ክር እንደ ልብ ስለማይገኝ በኔ ላይ የሌላ ዘፋኝ የሰርግ ዘፈን ቀድቶበታል አሉ። አልፈርድበትም፤ ነገሩን ያስተማርነው እኛው ነን። ከመሄዱ በፊት ሐይቅ ድረስ መጥቶ አንድ ቅጂ ብቻ በካሴት ሰጠኝ፤ ፊቴን ማየት አልቻለም።

ያንን ካሴት ለእናቴ ማሰማት አልፈለግሁም ነበር። እሷ ግን ሰው አምጥቶልሽ ሄደ አሉ ብላ አላስቀምጥ አለችኝ። አንድ ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ የጎረቤት ቴፕ ተዋስኩ፣ የባትሪ ድንጋይ ገዝቼ ከተትኩበት። አጠገቡ ተጠግታ ተቀመጠች። አንዱ ዘፈን ባለቀ ቁጥር "ማሻአላህ" ትላለች። በሦስተኛው ላይ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ። አምባሰሉ ሲገባ ቀና ብላ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ሰርግ ቤት ሰዓቷ ሲደርስ እንደምታደርገው። የመጀመሪያው ግጥም አለፈ። ማሲንቆው ብቻውን ሄደ። እናቴ ከንፈሯን በቀስታ እያንቀሳቀሰች ስትጠብቅ አየኋት። ከዚያ የሐይቁ ወፎች መጡ።

ካሴቱ እስኪያልቅ ዓይኗን ከቴፑ ላይ አላነሳችም።

"ተቀብለሽኝ አልነበር?" አለችኝ።

"ማሽኑ በላው እማ" አልኩ፣ "ክሩ ተበላሸና በሌላ ተካነው።"

አየችኝ። ጊዜ ወስዳ አየችኝ። "ማሽን ከሆነማ ምን ይደረጋል፤ አብሽሪ" አለችና ተነስታ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። እኔን ማጽናናቷ ነው። ያን ጊዜ ያመነችኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። በኋላ ግን የማይቀር ሰርግ ሆኖባት ስትሄድ፣ ዘፋኙ ራሱ "ስጪኝ እንጂ" ብሎ ሲለምናት፣ ጉሮሮዬን አሞኛል ትል ጀመር። ለማንም አንድ ስንኝ ሳትሰጥ ሁለት ዓመት ኖረች። ደርግ ሊወድቅ አንድ በጋ ሲቀረው በሳል በሽታ ሞተች። ስታጣጥር አጠገቧ ነበርኩ፤ እውነቱን ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር፣ ሰው ገባ።

ወንድሜ መጣ። ሠራዊቱ ሲበተን ከሰሜን በእግሩ ወርዶ አንድ ማለዳ በር ላይ ቆመ። እግሩ ጫማ አይገባበትም ነበር፤ ጥርሱ ረግፏል። በቀበሌው ውስጥ ሙቷል ያላለ ሰው አልነበረም፣ እኔንም ጨምሮ። እናቴ የት ናት ብሎ አልጠየቀኝም፣ ፊቴን ሲያይ ገባው። መቃብሯን አሳየሁት። አንድ ሳምንት ተኛ፣ በላ፣ ተኛ። በሳምንቱ ጎረቤቶቹ ወሬ ያቀብሉት ጀመር፤ እንዴት ስትጠይቅ እንደኖረች፣ ወታደር እየተከተለች ስንት ጊዜ ደሴ እንደገባች። ካሴት ላይ ስላንተ ገጥማለች ያሉትም እነሱ ናቸው። ለእነሱ ራሷ ነግራቸው ነበር።

ከሰዓት ላይ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ምስር ስለቅም መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"እማ ስለኔ ገጥማ ነበር አሉ" አለኝ።

"ገጥማ ነበር።"

ሁለቱን ስንኝ ነገርኩት፤ አንድ ቃል አልረሳሁም። ራሱን ነቀነቀ።

"ግጥሙንስ ነግረውኛል። እኔ የምፈልገው ድምጿን ነው" አለ። "እዚያ በረሃ መልኳ አንድም ቀን አልጠፋብኝም። መጀመሪያ የጠፋብኝ ድምጿ ነው። ስንቴ ልሰማው ሞከርኩ፣ አልመጣልህ አለኝ። ካሴቱ አንቺ ዘንድ አለ ብለውኛል። በይ ክፈቺልኝ።"

ማሽኑ በላው የሚለው ውሸት አፌ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። እናቴ አብሽሪ ብላ እንዳለፈችው እሱም ያልፈዋል። ወንድሜ ግን ያን ያበጠ እግሩን ዘርግቶ እንደ ልጅ ይጠብቀኛል፣ አቃተኝ።

"የለም" አልኩት፣ "አጠፋሁት።"

"ማን?"

"እኔ። ካሴቱ እንዲፈቀድልኝ ብዬ፣ በድምጿ ላይ ዘፈንኩበት።"

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። የማያውቀውን ሙያ እንደሚጠይቅ ሰው ቀስ ብሎ፣

"እንዲህ ዓይነት ነገር ስንት ጊዜ ቢዘፈንበት ነው የሚጠፋው?" አለኝ።

"አንድ ጊዜ ይበቃል" አልኩት።